ታሪክ በጋራ መጻፍ፣ መጽሐፍ ማሳተምና ንጹሕ ሒሳብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከአንድ ሕንፃ ምድር ወለል ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችን። ቀን ቀን ማመልከቻ እንጽፋለን፣ መታወቂያ ኮፒ እናደርጋለን፣ ጥራዝ እንጠርዛለን። ዓርብ ማታ ግን የብረት መዝጊያውን እስከ ግማሽ አውርደን፣ አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ውስጥ አስገብተን፣ ከጎረቤቶቻችን ጋር ታሪክ እንጽፋለን። ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ የባጃጅ ሹፌር አለ፣ ነርስ አለች፣ እዚሁ መሬት ላይ ጤፍ ያበቅሉ የነበሩ አዛውንትም ነበሩ። ከዚህ ስብስብ ሁለት መጻሕፍት ወጥተዋል። የመጀመሪያው ሊያጣላን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአያት፣ ከለገጣፎ፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከኮዬ ፈጬም ሳይቀር ሰዎች እየመጡ የሚጠይቁን ተመሳሳይ ስለሆነ መልሳችንን እዚህ አስፍረነዋል።

መጻፍ የብቻ ሥራ አይደለም እንዴ? ታሪክ በጋራ ይጻፋል?

ይጻፋል። የብራና መጽሐፍ ሲዘጋጅ ቆዳውን የሚፍቀው፣ ቁም ጸሐፊው፣ ሥዕሉን የሚሥለውና ጥራዙን የሚደጉሰው ሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ነበሩ። የአንድምታ ትርጓሜም በዘመናት ውስጥ እየተደመረ የመጣ ነው፤ አንዱ ሊቅ «አንድም» ብሎ የራሱን ሲጨምር የፊተኛውን አይሰርዝም። ተረትማ ከመጀመሪያውም ብቻውን አይነገርም። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ከሌለ ነገሩ አይጀመርም። ሲያልቅ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባላል። ይህን አባባል ልጅ ሆኜ እንደ ዜማ ብቻ ነበር የምሰማው፤ አሁን ግን ሌላ ነገር ይነግረኛል። ተረት የሰማ ሰው ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም ወይ በተረት ወይ በዳቦ ይከፈላል።

ገበሬዎች በጋራ ሲሠሩ ሁለት መንገድ ያውቃሉ። በደቦ ባለ እርሻው ሰው ይጠራል፣ ያበላል፣ ያጠጣል፤ አዝመራው ግን የእርሱ ነው። በወንፈል ዛሬ በእኔ ማሳ የዋልክልኝን ቀን ነገ በአንተ ማሳ እመልስልሃለሁ፤ ቀኑም ይቆጠራል። በጋራ መጻፍም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው የራሱን መጽሐፍ ሊጽፍ ወዳጆቹን ሊጠራ ይችላል፤ ያ ደቦ ነው፣ በምስጋናና በግብዣ ያልቃል። እየተፈራረቁ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ የሚያርሙ፣ የሚያነቡ፣ የሚያሟሉ ሰዎችም አሉ፤ ያ ወንፈል ነው። እርሻውም አዝመራውም የሁሉም የሆነበት ሦስተኛ መንገድ ደግሞ አለ፤ የእኛ መጻሕፍት በዚህኛው የተሠሩ ናቸው። ሦስቱም መልካም ናቸው። ጠብ የሚመጣው አንዱ በደቦ የተጠራ መስሎት፣ ሌላው የጋራ ማሳ መስሎት ሲያርስ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓርብ ላይ፣ እርሳስ ከመነሳቱ በፊት፣ «ይህ ማሳ የማን ነው?» ብላችሁ ተጠያየቁ።

ከምን እንጀምር? ስንት ሰው ይበቃል?

ከአምስት እስከ ሰባት ሰው በቂ ነው። ከዚያ ሲበዛ ሁለት ሰው ያወራል፣ የቀረው ያደምጣል።

የሚጀመረው በጥያቄ እንጂ በርዕስ አይደለም። ርዕስ ሲሰጣችሁ ሁሉም የትምህርት ቤት ድርሰት መጻፍ ይጀምራል። የእኛ የመጀመሪያ መጽሐፍ የተወለደው «ይህ ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት እዚህ ቦታ ምን ነበር?» ከሚል ጥያቄ ነው። አዛውንቱ ጫማቸው ሥር ያለውን ሴራሚክ ጥቂት ጊዜ አዩትና «ሾላ ነበር» አሉ። «ጥጃ እናስርበት ነበር። ዝናብ ሲመጣ ግን ሥሩ አንቆምም፤ መብረቅ ይወደዋል።» ነርሷ ወዲያው በደብተሯ ያዘችው። የባጃጁ ሹፌር «ሥሩ የት ነበር?» ብሎ ጠየቀ፤ ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡና በጣታቸው አሳዩት። እርሱ ማታ ማታ ባጃጁን የሚያቆምበት ቦታ ነበር። በዚያ ምሽት የተጻፈው አሥራ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ በቀጣዩ ዓርብ ግን ማንም አልቀረም።

አንድ ሕግ ግን አጥብቃችሁ ያዙ። አንድ ሰው ሲተርክ ሌላው አያርመውም። «እንደዚያ አልነበረም» የሚለው ሰው የራሱን በተራው ይተርክ። ሁለቱም ይጻፉ። ከሁለቱ የትኛው መጽሐፉ ውስጥ እንደሚገባ የሚወሰነው በሌላ ቀን፣ ጽሑፉ ተነቦ ነው።

የየሰዉ አጻጻፍ የተለያየ ነው። እንዴት አንድ መጽሐፍ ይሆናል?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያደክመው ሥራ ነው፤ ሰው ግን ንቆ ያልፈዋል። አንዱ «ፀሐይ» ይጽፋል፣ ሌላው «ጸሀይ»፣ ሦስተኛው «ጸሐይ»። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ጸሐፊው ስሜት ሲቀያየሩ አንባቢ ምክንያቱን ባያውቅም ይጎረብጠዋል። የትኛው ትክክል ነው በሚለው ክርክር ሌሊቱን ማንጋት ይቻላል። እኛ ያደረግነው መምህሩ የመረጡትን አጻጻፍ በአንድ ገጽ ዘርዝረን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም፤ የተለጠፈው ይጻፋል።

ከፊደሉ ይልቅ የሚከብደው ድምፁ ነው። የነርሷ ዐረፍተ ነገር አጭርና ጥርት ያለ ነው፤ የመምህሩ ረጅም ነው፣ ግሡ የሚመጣው አንባቢው ከደከመ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ ድምፅ ልናመጣ ሞክረን ጽሑፉ ለዛውን አጣ። ስለዚህ ለሁለተኛው መጽሐፍ እያንዳንዱ ምዕራፍ የአንድ ገጸ ባሕርይ ድምፅ እንዲሆን አደረግን፤ ልዩነቱ እንከን መሆኑ ቀርቶ የታሪኩ አካል ሆነ። ምዕራፍ የማትከፋፈሉ ከሆነ ግን የመጨረሻውን ቅጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ብቻ ይጻፈው። ሁለት ሰው አይሆንም።

የገጸ ባሕርያት መዝገብም ያዙ። ስም፣ ዕድሜ፣ ማን ማንን «አንቱ» እንደሚል፣ ማን ማንን «አንተ» እንደሚል። በምዕራፍ 2 አማቷን «እርስዎ» ያለች ሴት በምዕራፍ 5 «አንቺ» ካለች፣ አንባቢው በመካከል ጠብ የተፈጠረ ይመስለዋል።

በስልክ የተጻፈውና በኮምፒውተር የተጻፈው ሲገናኝ ፊደሉ ይበላሻል። ለምን?

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አሠራር ነበራቸው። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ያ ቅርጸ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት የሚሆነው ለዚህ ነው። ስልኮች የሚጽፉት በዩኒኮድ ነው። ሁላችሁም በዩኒኮድ ጻፉ፤ የቆየ ሰነድ ካለ ደግሞ ሥራ ሳይጀመር አስቀይሩት። ከተቀየረ በኋላ ግን አንድ ሰው በዓይኑ ያንብበው፤ በቅየራ ጊዜ ፊደል ይዘላል።

ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ተራኪ እንደ ደራሲ ይቆጠራሉ?

በእኛ ቤት ይቆጠራሉ። ሾላውን የነገሩን አዛውንት እርሳስ አልያዙም፤ የመጽሐፉ ግማሽ ግን የእርሳቸው ቃል ነው፤ ስማቸው ሽፋኑ ላይ ከመምህሩ ስም ጋር እኩል መጠን አለው። እርሳቸውን «ለሰጡን መረጃ እናመሰግናለን» ከሚል መስመር ሥር ማስገባት ለእኔ ስርቆት ነው። ይህን ቃል የተጠቀምኩት አስቤበት ነው።

ስለ ውሉ ግን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 ላይ ማንበብ የማይችልን ወይም ዓይነ ስውር የሆነን ሰው ይጠብቃል፤ ፊርማው ወይም የጣት አሻራው ሥልጣን ባለው አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ቀለም አስነክቶ «እዚህ ጋር ይጫኑ» ማለት አይበቃም። እኛ አዛውንቱን ይዘን ውልና ማስረጃ ሄድን። ጠዋት በሸገር ባስ ወጥተን ከሰዓት በኋላ ተመለስን፤ ሙሉ ቀን ነው የፈጀው። ውሉ ሲነበብላቸው አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን አንሥተው «ይህቺን ድገሙልኝ» አሉ። ድርሻቸውን የሚናገረው መስመር ነበር። ሲደገምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና አሻራቸውን አኖሩ። ያ ቀን የባከነ ቀን አልነበረም።

ተራኪው በአፋን ኦሮሞ ቢተርክልን በአማርኛ መጻፍ እንችላለን?

ፈቃድ ከሰጡ ትችላላችሁ። በዚህ አካባቢ ከከተማው በፊት የነበረው ትውልድ ብዙው ታሪኩን የሚያውቀው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛ ላይ ሲያመጡት ይቆነጸላል። በገዛ ቋንቋቸው ይተርኩ፤ ይቀዳ፤ ከዚያ ይተርጎም። የተረጎመው ሰው ስም ይጻፍ፤ ትርጉም ራሱን የቻለ የፈጠራ ሥራ ነውና። የተተረጎመው ደግሞ ለተራኪው መልሶ ይነበብላቸው። አንድ ጊዜ «ወንዙ ተቆጣ» ብለን የጻፍነውን «አልተቆጣም፤ አለቀሰ ነው ያልኩት» ብለው ያረሙን እናት አሉ።

መጽሐፉ የማን ነው? ሕጉ ምን ይላል?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው የሚገዛው፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ሰው ሁሉ የሚሳሳትባቸውን ነጥቦች ብቻ ላንሣ።

ጥበቃ የሚጀምረው ሥራው ከተፈጠረ ጊዜ አንሥቶ ነው፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ግን ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆናል። ሕጉ የሚጠብቀው አገላለጹን እንጂ ሐሳቡን አይደለም። «ስለ ሾላ ዛፍ መጻፍ የእኔ ሐሳብ ነበር» የሚል ሰው በሕግ ፊት ምንም አልያዘም፤ ስለ ሾላው የተጻፈው ዐረፍተ ነገር ግን ባለቤት አለው። አንድን ሥራ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ሲደርሱት የጋራ ባለቤቶች ናቸው፤ የኢኮኖሚ መብታቸውም ከመካከላቸው መጨረሻ የሚሞተው ካለፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። አንድ ሰው ወይም ድርጅት አስቦ፣ አስተባብሮ፣ በራሱ ስም እንዲወጣ የሚያሠራው ሥራ ሲሆን ግን ባለቤቱ አሠሪው ነው። ደቦና የጋራ ማሳ ያልኩት ልዩነት ሕጉም ውስጥ አለ ማለት ነው። መብትን ለሌላ ማስተላለፍ በጽሑፍ መሆን አለበት። «በስልክ ተስማምተናል» አይሠራም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ለጋራ ደራሲዎች ይህ አባባል ቃል በቃል እውነት ነው፤ መብታቸው ለልጆቻቸው ይተላለፋልና።

ገንዘቡ እንዴት ይከፋፈላል?

እዚህ ላይ በዝርዝር መናገር አለብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ስለነበረ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲታተም ስለ ገንዘብ አንድም ቃል አልተነጋገርንም ነበር። ወዳጆች ነን፣ ቡና አብረን እንጠጣለን፣ ሒሳብ ማንሣት የሚያሳፍር መሰለን። መጽሐፉ መሸጥ ጀመረ። ገንዘቡ የሚመጣው በእኔ ስልክ በቴሌብር ነበር። እኔም የወረቀቱን፣ የቀለሙን፣ የትራንስፖርቱን ወጪ በልቤ እየቀነስኩ፣ የሱቁን ኪራይም አንድ ጊዜ ከእርሱ ላይ ከፍዬ፣ «በኋላ እናስተካክለዋለን» እያልኩ ቆየሁ። አንድ ዓርብ መምህሩ ምንም ሳይቆጡ «እስካሁን ስንት መጣ?» አሉኝ። ድርሻዬን ስጠኝ አላሉም፤ ስንት መጣ ብቻ ነው ያሉት። ቁጥሩን አላውቀውም ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ። ነርሷ ደብተሯን ዘጋች። የሰረቅሁት ገንዘብ አልነበረም፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ከሌባ የሚለየኝ ማስረጃ በእጄ አልነበረም።

በማግስቱ ከመርካቶ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትልቅ የሒሳብ መዝገብ ገዛሁ። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ የስልኬን መልእክትና የደረሰኝ ቁርጥራጭ እያገላበጥኩ ሁሉንም ጻፍኩት። የከፈልኩትን የሱቅ ኪራይም «ያለ ፈቃድ የተወሰደ» ብዬ በራሴ ስም ዕዳ አስገባሁት፤ በሁለት ወር መለስኩት። መዝገቡ ዛሬም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማንም ሳይጠይቅ ይከፍተዋል።

አሁን የምንሠራበት ደንብ ይህ ነው። ለመጽሐፉ የተለየ የባንክ ሒሳብ አለ፤ ከሁለት ሰው ፊርማ ውጭ አይንቀሳቀስም። በስልክ የመጣ ገንዘብ በዕለቱ ወደዚያ ይገባል። ሱቋ ለምትሠራው ጽሕፈትና የገጽ ቅንብር ልክ ለውጭ ደንበኛ እንደምትሰጠው ዋጋ አስቀድማ ታቀርባለች፤ ካልተስማማቸው ሌላ ቤት ይሠራሉ። ከወጪ የተረፈው አሥር ቦታ ይከፈላል፤ አራቱ ለተራኪዎች፣ አራቱ ለጸሐፊዎች፣ አንዱ ለአራሚው፣ አንዱ ለሚቀጥለው መጽሐፍ። የእናንተ ክፍፍል ሌላ ሊሆን ይችላል። ሊለወጥ የማይችለው ነገር ክፍፍሉ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት መጻፉ ነው፤ ገንዘብ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ክፍፍል ሁሉ የአንዱን ፊት ያጠቁራል።

ውሉን ሁሉም ይፈርሙ፤ ሁለት ምስክርም ይፈርምበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በጽሑፍ ለሚደረግ ውል ሁለት ምስክር ይጠይቃል፤ ሰው ይህን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል።

ማተሚያ ቤት ስንሄድ ምን እንጠይቅ?

በመጀመሪያ የገጹን ቁጥር አስተካክሉ። በተለመደው የመጽሐፍ መጠን ማተሚያ ቤቱ ትልቁን ወረቀት አትሞ ሲያጥፈው 16 ገጽ ይሆናል። ስለዚህ 132 ገጽ ያለው መጽሐፍ በወረቀት ረገድ እንደ 144 ሊያስከፍላችሁ ይችላል። አራት ገጽ ቆርጣችሁ 128 ብታደርጉት የምትቆጥቡት ገንዘብ ቀላል አይደለም። መምህሩ መግቢያቸውን ማሳጠር አልፈለጉም ነበር፤ ልዩነቱን በብር ሲያዩት ራሳቸው ቆረጡት።

ቀጥሎ፣ የዋጋ ማቅረቢያው ስንት ቀን እንደሚጸና በጽሑፍ አስፍሩ። የኅትመት ወረቀት ከውጭ የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋ ሳይቆርጡ በቃል ተማምኖ መቆየት ብዙ ሰው ጎድቷል። ብዛቱንም አስቡበት። ማሽኑን የማዘጋጀት ወጪ ለ500 ቅጅም ለ2000 ቅጅም ያው ስለሆነ፣ ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል፤ ይህ ያጓጓል። ነገር ግን በአልጋ ሥር የተደረደረ መጽሐፍ ርካሽ አይደለም።

ሙሉው ከመታተሙ በፊት ናሙና አይታችሁ በየገጹ ፈርሙ። ከታተመ በኋላም ቁጠሩ፣ ግለጡ። ሁለተኛው መጽሐፋችን ሲመጣ ነርሷ አንዱን አንሥታ ስታገላብጥ ከገጽ 32 ቀጥሎ 49 ሆኖ አገኘችው። አንድ ሙሉ እጥፍ፣ 16 ገጽ፣ ሳይገባ ተጠርዟል። ካርቶኖቹን ሁሉ ፈታን። ከአምስት ሰው ጋር ወለሉ ላይ ተቀምጠን አንድ በአንድ ገለጥን፤ 41 ቅጅ እንዲህ ነበሩ። ውላችን ላይ «የጥራዝ ጉድለት ያለበትን ማተሚያ ቤቱ በራሱ ወጪ ይተካል» የሚል መስመር ስለነበረ ተተኩ። ጉድለት ያለባቸውን ደባልቆ መሸጥ ይቻል ነበር፤ ገዢው የሚያውቀው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ያንን ሐሳብ ከመካከላችን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ በዚህ ዛሬም ደስ ይለኛል።

የርክክብ ሰነዱን ኮፒ ለሁሉም ደራሲዎች ስጡ። አሳታሚ ነኝ የሚል ሰው 1000 አሳተምኩ ብሎ 1500 ሊያወጣ የሚችለው ይህ ሰነድ ሲደበቅ ብቻ ነው።

የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ከየት ይገኛል?

ታላላቆቻችን ወመዘክር ከሚሉት፣ በ1936 ዓ.ም. ከተከፈተው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ከሚባለው ተቋም ነው። ቁጥሩ 13 አኃዝ አለው፤ 978-99944 ብሎ የሚጀምር ካያችሁ የኢትዮጵያ ነው። ከታተመም በኋላ ለተቋሙ ቅጅ ማስገባት ግዴታ ነው። መለያ ቁጥሩ ግን የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም።

የንግድ ፈቃድ ያስፈልገናል? ማኅበር ማቋቋምስ?

አንድ መጽሐፍ ጽፎ ለአሳታሚ መስጠትና ማሳተምን መተዳደሪያ ማድረግ የተለያየ ነው። ሁለተኛውን የሚሠራ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ፈቃድ ያስፈልገዋል። እኛ የምንሠራው በሱቋ ፈቃድ ነው። በርከት ብላችሁ ልትነግዱ ካሰባችሁ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የሆነውን የንግድ ሕግ የማኅበራት ክፍል አንብቡ ወይም የሚያነብላችሁ ጠበቃ አማክሩ፤ የሽርክና ማኅበር አባል ለማኅበሩ ዕዳ በግል ንብረቱ ጭምር ሊጠየቅ ይችላል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ግን እንዲህ አይደለም። ለወዳጆች ቡድን ይህ ልዩነት ቀላል አይምሰላችሁ።

በትንሽ ሱቅ ሐቀኛ ሆኖ መኖር ይቻላል? ኪራዩ አይጠብቅም።

ይህን የሚጠይቁን ብዙ ጊዜ እንደ እኛ ያለ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ በግልጽ እመልሳለሁ። ገንዘብ ይቀርባችኋል። ሦስት ነገር እንቢ እንላለን፤ ሦስቱም ያስከፍላሉ።

የመመረቂያ ጽሑፍ አንጽፍም። ግንቦትና ሰኔ ሲደርስ «አንተ ጻፍልኝ፣ የፈለግኸውን እከፍላለሁ» የሚል ተማሪ በየቀኑ ይመጣል። ተማሪው የጻፈውን እንተይባለን፣ ፊደሉን እናርማለን፣ እንጠርዛለን፤ ከዚያ አናልፍም። አንድ ወጣት ተበሳጭቶ ወጥቶ በሳምንቱ የራሱን የተዝረከረከ ረቂቅ ይዞ ተመለሰ፤ አራት ማታ አብረን ተቀምጠን ጥያቄ እየጠየቅነው ራሱ አስተካከለው። የተከፈለን የጽሕፈት ዋጋ ብቻ ነው።

ደረሰኝ ላይ ያልሸጥነውን ዋጋ አንጽፍም። የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ገዢ 800 ብር ከፍሎ 2000 ብር እንዲጻፍለት ሲጠይቅ ፊቱ ላይ ሐፍረት እንኳ አይታይም፤ ልማድ ሆኗል። እንቢ ስንል ደንበኝነቱ በዚያው ያበቃል።

ሙሉ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አናደርግም። ይህ ከሁሉም ይከብደኛል፤ የሚመጣው ብዙ ጊዜ መጽሐፉን መግዛት ያቃታት ተማሪ ናት። ለጥናት የሚሆናትን ጥቂት ገጽ እንሰጣታለን፤ የቀረውን እዚህ ቁጭ ብላ እንድታነብ ወንበር እንለቅላታለን። ራሳችን መጽሐፍ ካሳተምን በኋላ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ የሚወጣው ወረቀት የማን እንጀራ እንደሆነ ይታየናል።

ትርፉን ደግሞ ልንገራችሁ። አደራ ያለበት ሥራ ይመጣልናል። ያላለቀ ረቂቅ፣ የኑዛዜ ሐሳብ፣ የእድር መዝገብ፣ ሰው ለማያምነው ቤት የማይሰጠው ወረቀት ሁሉ ይመጣል። ኪራዩ የሚከፈለው ከዚያ ነው።

ለሌላ ሰው በስሙ የሕይወት ታሪኩን መጻፍ ውሸት ነው?

ሕይወቱ የእርሱ ከሆነ፣ ቃሉን እርሱ ከነገራችሁና ረቂቁን አንብቦ ከተቀበለ ውሸት አይደለም፤ «አጻጻፉን ያገዘው እገሌ ነው» የሚል መስመር ውስጡ ቢኖር ይመረጣል። ያልሠራውን ጀብዱ ጨምሩልኝ ካለ ግን ብሩን መልሱለት።

የጎረቤትን ታሪክ ብናስገባስ?

ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም። በአንድ ብሎክ የሚኖር ሰው «አራተኛ ፎቅ ያለችው፣ ባሏ ዐረብ አገር የሄደው» ከተባለ ስሟ ባይጻፍም ማን እንደሆነች ይታወቃል። ሄዳችሁ አንብቡላት። አትፈልግም ካለች ይውጣ፤ የምዕራፉ ማማር ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛው መጽሐፋችን ከሁሉ የተሻለውን ምዕራፉን እንዲህ አጥቷል፤ በአንዲት ፌስታል ተጠቅልሎ ለባለቤቷ ተመልሷል።

ኮምፒውተር ራሱ እንዲጽፍልን ብናደርግስ?

የፊደል ስሕተት ለመፈለግ ተጠቀሙበት። ስለ ሾላው ግን ምንም አያውቅም።

ከመካከላችን አንዱ ቢለይ ወይም ቢሞት ድርሻው ምን ይሆናል?

ቢለይ እስከዚያ ቀን የጻፈው ድርሻ የእርሱ ነው፤ ስሙም ይቆያል። ተቆጥቶ ቢሄድም ያው ነው። ቢሞት ድርሻው ለወራሾቹ ይሄዳል፤ ይህን ውሉ ላይ ጻፉት፣ የወራሾቹን ስልክም ያዙ።

አዛውንቱ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ከአርባቸው በኋላ ልጃቸው መጣች፤ እኛ ባለ ዕዳ መሆናችንን አታውቅም ነበር፣ የመጣችው አባቷ የሚቀመጡበትን ክፍል ልታይ ነበር። መዝገቡን ከፍተን የሦስት ወሩን ሽያጭ አሳየናት። በጣቷ መስመሩን ተከትላ ወረደችና የአባቷን አሻራ ኮፒ ስታይ ቆም አለች። ከዚያ ተቀበለች፣ ቁጥሩን ራሷ ደግማ ቆጠረች፣ ከሥሩ ፈረመች።

ዓርብ መምጣት ይቻላል?

ይቻላል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ። ክፍያ የለውም። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ፤ መብራት ሲጠፋ ሻማ አለን።